ፍሬኑ ላይ የሚሰቀለው ኮፍያ

ጡረተኛው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የላላ ብሎን ሊያጠብቅ ጣራ ላይ ወጥቶ፣ ግቢው ውስጥ ወድቆ ሞቶ ተገኘ። ከበላዩ በገዛ እጁ የሠራው የነፋስ ተርባይን ምንም እንዳልተፈጠረ ይዞራል። ኮፍያው ደረቱ ላይ ተቀምጧል።

ባልደረቦቿ «ቀስ በቀስ» የሚሏት መርማሪ ስትደርስ፣ ፖሊሶቹ ተከራዩን ልብስ ሰፊ ይዘውት ነበር። ለፖሊስ ተከራይ መቼም ቅርብ ነው።

«ተርባይኑን አንድ ቀን እነቅለዋለሁ ብለሃል አሉ» አለችው መርማሪዋ።

«ብያለሁ! ሌሊት ሌሊት እንደ በሽተኛ ያቃስታል፣ እንቅልፍ ነሳኝ። ግን ጋሼን እኔ? ክፉው አፌ ነው እንጂ ዝንብ አልገድልም።»

መርማሪዋ ኮፍያውን አገላብጣ አየች። የሟቹን ጭንቅላት የተርባይኑ ክንፍ ፈንክቶታል፤ ኮፍያው ላይ ግን ጠብታ ደም የለም። ኮሪደሩ ውስጥ የተርባይኑን ክንፎች የሚያቆመው የፍሬን እጀታ አለ። ከሥሩ በእርሳስ «ኮፍያዬ እዚህ ካለ እኔ ላይ ነኝ። አትንኩ!» ተብሎ ተጽፏል።

«ሁሌም ይሰቅሉት ነበር?»

«አንድ ቀንም ረስቶ አያውቅም» አለች የሟቹ ልጅ፤ ወዲያው ከንፈሯን ነከሰች።

ጓዳ ውስጥ ሚስትየው የኦክስጅን ማሽን ቱቦ አፍንጫዋ ላይ ተደርጎላት ተኝታለች።

«እማማ፣ መብራት መቼ ጠፋ?»

«ከጠዋት ጀምሮ የለም። ማሽኔን የምታሠራው ያቺ አሮጌ ባትሪ ነፋስ ካላገኘች ግማሽ ሰዓት አትቆይም።»

«ዛሬ ማሽኑ ቆሞ ነበር?»

«ጮኸና ቆመ። ዓይኔ ጨልሞ አለቀልኝ ስል አየሩ መጣ። ልጄ አጠገቤ ነበረች፣ እሷ ትንገርሽ።»

መርማሪዋ የገባት ነገር ደስ አላላትም። ከዚያ ልብስ ሰፊውንም ልጅቱንም አልጋው አጠገብ ሰበሰበች።

«ኮፍያው ንጹሕ ነው። ስለዚህ ጋሼ ሲመቱ አላደረጉትም፤ ፍሬኑ ላይ ነበር። ፍሬኑን የለቀቀው ሰው መጀመሪያ ኮፍያውን አንስቷል፣ ላይ እንዳሉ ያውቃል ማለት ነው። በክፋት የለቀቀ ሰው ግን ኮፍያቸውን ወስዶ ደረታቸው ላይ አያኖርም። እማማን ነፋሱ ነው ያተረፋቸው። ማሽኑ ሲጮህ ደግሞ እዚህ ክፍል የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ልጅቱ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ጮህኩ! አባዬ ውረድ፣ እማዬ እየሞተች ነው ብዬ ጮህኩ። ነፋሱ ድምፄን በላው። ከንፈሯ ጠቆረ… ሰምቶኛል፣ ወርዷል ብዬ ራሴን ዋሽቼ ፍሬኑን ለቀቅኩት።»

እናትየው የማሽኑን ቱቦ ከአፍንጫዋ ነቀለች። «ታዲያ ይሄ የምተነፍሰው የእሱ እስትንፋስ ነዋ።»

ልጅቱ በጉልበቷ እየዳኸች ሄዳ ቱቦውን መለሰችላት። እናትየው እጇን አልገፋችም። ከላይ ተርባይኑ ያቃስታል።

«ላስቁመው?» አለ ልብስ ሰፊው።

«ተው፣ እንዳትነካው» አለች እናትየው። «ኮፍያውን ፍሬኑ ላይ ስቀልለት። ላይ ነው ያለው።»

ልብስ ሰፊው መርማሪዋን አያት። እሷም ኮፍያውን ሰጠችው።