በአዳራሹ ያልተነገረው ቃል

በዚያ ዓመት ዝናቡ ዘግይቶ መጣ፤ ቶሎም ሄደ። አበባው ሦስት ሳምንት እንኳ አልቆየም። በዚያችው አጭር ጊዜ የፍራፍሬ እርሻዎቹ ላይ ጸረ ተባይ መድኃኒት ተረጨ። የተረጨው ጠዋት ነው፤ ንቦቹ ሁሉ አበባ ላይ በተሰማሩበት ሰዓት። ከቀትር በኋላ በየቀፎው አፍ የሞቱ ንቦች ተከምረው ተገኙ። አናቢዎቹ በመጥረጊያ ጠረጉ። በማግስቱም ጠረጉ። በሳምንቱ የሚጠረግ አልቀረም።

ከአናቢዎቹ አንዱን ሰፈርተኛው «አቶ እሺ» ይለዋል፤ ለጠየቀው ሁሉ እሺ ስለሚል ነው። ከአሥራ አንድ ቀፎው ስድስቱ ባዶ ቀሩ። ባሏ ሞቶባት በንብ ብቻ የምትተዳደረው ታላቅ እህቱ ደግሞ ከአሥራ ሁለት ሦስት ብቻ ተረፉላት። አቶ እሺን እንቅልፍ የነሳው የእህቱ ቀፎ ነበር። ምክንያቱን የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የግብርና ጽሕፈት ቤቱ ስለ መድኃኒት ርጭት ደንብ አረቀቀና ከመጽደቁ በፊት ሕዝቡ አስተያየት እንዲሰጥበት ስብሰባ ጠራ። ረቂቁ ርጭት የሚካሄደው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ነው ይላል። እህቱ ይህን ሰምታለች፤ ግን እግሯ ተሰብሮ አልጋ ላይ ነበረች።

«ወንድምዬ፣ ነገር አታብዛ» አለችው። «ርጭቱ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይሁን በል። ያን ጊዜ ንብ ቤቷ ናት። እቺን ብቻ ንገርልኝ።»

«እሺ፣ እትዬ።»

በስብሰባው ላይ ሰብሳቢው «ከንብ አናቢዎች በኩል አስተያየት ያለው?» ሲል አቶ እሺ እጁን እስከ ጆሮው ድረስ አነሳ። ከኋላው የተቀመጠ ነጋዴ ሸሚዙን ጎተተው።

«ተው እንጂ ጎበዝ! እነሱ ጨርሰው ነው የመጡት። እኛን የሚጠይቁን ለወጉ ነው። ማንን ልታስቀይም ነው?»

የተነሳው እጅ ራሱን አከከና ወረደ። አቶ እሺ መገኘቱን ፈርሞ ወጣ። ቤት ሲደርስ እህቱ ጠበቀችው።

«ነገርካቸው?»

«ነገርኳቸው።»

«ምን አሉ?»

«እናየዋለን አሉ።»

ደንቡ እንደ ረቂቁ ጸደቀ። ንቦቹ ካለቁ ከጥቂት ወራት በኋላ ደንቡ ሊሻሻል ነው፣ አስተያየት ያለው በሃያ ቀን ውስጥ በጽሑፍ፣ አለዚያም በሚጠራው ስብሰባ በቃል ያቅርብ የሚል ማስታወቂያ ወጣ። አቶ እሺ ወደ እህቱ ሮጠ። እርሷ ከባዶ ቀፎ ላይ በቢላዋ ሰም ትፍቃለች።

«እትዬ፣ ዘንድሮ አንቺ ሂጂ። አንቺ ትችይበታለሽ።»

«አንዴ ነግረናቸዋል። ሰሙን?» ቢላዋው አልቆመም። «ለጎረቤቶቹም የሰው ወንበር ስታሞቁ አትዋሉ ብያቸዋለሁ። ቅዳሜ ሦስቱን ቀፎ የሚገዛ ሰው ይመጣል። የንብ ማጨሻዬንም ይወስደዋል። በቃኝ።»

ድሮ ከሰፈሩ ሁሉ ለስብሰባ ቀድማ የምትወጣው እርሷ ነበረች።

በማግስቱ ጽሕፈት ቤቱ ሄደ። ጸሐፊዋን የያኔውን ቃለ ጉባኤ እንድታሳየው ለመናት። ያን ጊዜ ቢናገርም እንደማይሰሙት የሚያረጋግጥ ነገር ፈልጎ ነበር። ይህን ቢያገኝ ቀለል ይለው ነበር።

«ይኸው፣ ጋሼ። አንዲት ፍራፍሬ ለቃሚ ተነስታ፣ ከተረጨ በኋላ ሁለት ቀን ለቀማ ይቁም፣ ዓይናችን ጠፋ አለች። አንቀጽ ሰባት ሆኖ ገባ።»

«አንድ ሴት ብቻዋን?»

«ብቻዋን። ደግሞም እየተንተባተበች።» ጣቷን ወደ ታች አወረደች። «ከንብ አናቢዎች፦ አስተያየት የለም። ይሄ የእርስዎ ፊርማ አይደለም እንዴ?»

ፊርማው የእርሱ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት እህቱ ደጃፍ ቆሞ ሁሉንም ነገራት። ነጋዴውን፣ ራሱን ያከከበትን እጅ፣ «እናየዋለን አሉ» ያለውን ውሸት። አንዱንም አላስቀረም።

ባዶ ቀፎዎቿን በዓይኗ ቆጠረች።

«ዘጠኝ ቀፎ» አለች በመጨረሻ። «ቀፎው ይሁን። እኔ ግን ያልተነገረውን ሰው አልሰማኝም እያልኩ ስረግም ከረምኩ። ጎረቤቶቼንም አፋቸውን አዘጋኋቸው።»

«ከቀሩኝ አምስት መንጋ ሁለቱን አመጣልሻለሁ፣ እትዬ።»

«ንብ መች ላክሁህ? ቃል ነው የላክሁህ። ቃሌን አድርስልኝ።»

«እሺ።»

«እሱን እሺህን ተወኝ! አብሬህ እሄዳለሁ። አለዚያ ደግሞ እዚያ ሄደህ ራስህን ይበላሃል።»

ቅዳሜ የመጣውን ገዢ በደጅ መለሰችው።

በስብሰባው ቀን አቶ እሺ ሰብሳቢው ሳይጠራው እጁን አነሳ። «ይህ ቃል የኔ አይደለም» አለ። «እህቴ ባለፈው ስብሰባ ልካኝ ነበር፤ ፈርቼ ይዤው ተመለስኩ። ንብ ጠዋት ወጥታ ማታ ትገባለች። ርጭቱ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይሁን።» ከዚያ እህቱ ተነሳች፤ ከእርሷም በኋላ አምስት አናቢዎች ተናገሩ። አንዱ እርሻዎቹ ከቀፎ አንድ ኪሎ ሜትር ይራቁ አለ። ጸሐፊዋ ሁሉንም ጻፈች።

የርቀቱ ጥያቄ ተቀባይነት አላገኘም፤ ለምን እንዳላገኘም በጽሑፍ መልስ ተሰጠ። የሰዓቱ ግን ገባ።

እናንተም ይህን ልብ በሉ። ደንብ የሚረቀቀው ጠረጴዛ ላይ ነው። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው ሰው ንብ በስንት ሰዓት ከቀፎ እንደምትወጣ ላያውቅ ይችላል፤ ካልነገሩት ከየት ያመጣዋል? የሚያውቀው ሰው አዳራሽ ገብቶ ዝም ብሎ ከወጣ፣ ዝምታው ከፊርማው ጋር እንደ ስምምነት ተጽፎ ይቀመጣል። የተናገሩት ሁሉ አይሆንም። ያልተናገሩት ግን መልስ እንኳ የለውም።

የተሻሻለው ደንብ በወጣ ዕለት አቶ እሺ ወረቀቱን ይዞ እህቱ ዘንድ ሄደ። መነጽሯን አድርጋ አንቀጹን ሁለት ጊዜ አነበበች፤ ወረቀቱንም አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው።

«ቃሌ ደረሰ» አለችው። «ከእንግዲህ ዕዳ የለብህም።»