ሰባኪዋ ያልበላችበት ቤት

እኛ በባርቤዶስ ደሴት ያለን፣ ኩዌከር የተባልን ክርስቲያኖች ቄስ የለንም። በዝምታ እንቀመጣለን፤ መንፈስ የገፋው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ተነሥቶ ይናገራል። ሰው ሁሉ እኩል ነው ብለን አገረ ገዥውን እንኳ «አንተ» እንላለን። የሸንኮራ አገዳችንን የሚቆርጡልን ግን ባሮች ነበሩ።

ሰባኪዋ መሂታቤል በመርከብ መጥታ ሽማግሌያችን ኦባዳያ ቤት ያረፈች ዕለት፣ ባሪያይቱ ፊባ ያቀረበችውን ዓሣ አልነካችም።

ዶርካስ ወደ ባሏ ወደ ኦባዳያ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «መርዝ ጠርጥራ ይሆን? ወይስ የገዥው ሰላይ ናት?» አለች።

«ሰላይማ ብትሆን ጥርግ አድርጋ ትበላ ነበር። ባሮቹን ልታሳምፅብን ነው፤ ዐይንሽ ከእሷ ላይ አይነሣ።»

መሂታቤል ሰማች። «ወዳጄ ኦባዳያ፣ በግድ የተሠራ ምግብ ከጉሮሮዬ አይወርድም» አለች።

«ጉድ ፈላ! በገዛ ቤታችን ተወቀስን!» አለች ዶርካስ።

መሂታቤል ወደ ጓሮ ወጥታ ፊባን አነጋገረቻት። ፊባም ተጠራጠረች።

«እርስዎም የእነሱ ወገን ነዎት። ሄደው ቢነግሩብኝስ?»

«አንቺ በይኝ፣ እህቴ።»

ፊባ ግራ ቀኝ ገልመጥ አለች። «ነገ ከጸሎት በኋላ ልጄን ለሌላ እርሻ ሊሸጧት ነው።»

በማግስቱ መሂታቤል በጉባኤው መካከል ተንበርክካ ለፊባ ልጅ ጸለየች። በእኛ ልማድ አንዱ ሲጸልይ ወንዶች ተነሥተው ባርኔጣ ያወልቃሉ፤ ያላወለቀ ጸሎቱን እንደ ካደ ይቆጠራል። ያን ቀን ማንም አልተነሣም። እኛ ኦባዳያን በጎን እናያለን፤ ኦባዳያ እኛን። ማን ከእሷ ጋር መክሯል? ምስጢሩን ማን አወጣው?

«ጌታ ሆይ» አለች መሂታቤል፣ «የሰው ልጅ ነጥቆ የያዘ ማንን ማመን ይችላል?»

ድንገት ዶርካስ ብድግ አለች። «ሦስት ልጆች ቀብሬአለሁ። ሦስቱንም ጊዜ አብራኝ ያለቀሰችው ፊባ ናት። እኔ የእሷን ልጅ ከነነፍሷ ልንጠቃት?»

ኦባዳያ ቀስ ብሎ ተነሣና ባርኔጣውን አወለቀ። «አትሸጥም» አለ።

መሂታቤል ከተንበረከከችበት ቀና አለች። «ለመሆኑ ልጅቷ የማን ናት?»

ኦባዳያ ባርኔጣውን አግዳሚው ላይ አስቀመጠ።

«የእናቷ» አለ፤ «እናቷም የራሷ።»

ወገኖቼ፣ ጎረቤታችሁን መጠርጠር ሲበዛባችሁ አስቀድማችሁ የገዛ እጃችሁን እዩ፤ የሰው ይዛችሁ ይሆናል።