የተሰፋው ጉልበት

የሴራሚክ አንጣፊው ጉልበት የተቆለፈው ሰው ቤት፣ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ቁጢጥ ብሎ ሲሠራ ነው። ሊቃና ቢል እግሩ እምቢ አለ። ሥራ ተቋራጭ የሆነው ታላቅ ወንድሙ እንደ ሲሚንቶ ከረጢት ተሸክሞ ሐኪም ዘንድ አደረሰው።

ሐኪሙ አልሸፋፈነም። በሁለቱ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግለው ሜኒስከስ ተቀዶ መገጣጠሚያው ውስጥ ተሰንቅሯል። የተቀደደው ተቆርጦ ከወጣ ቶሎ ሥራ ይገባል፤ ጉልበቱ ግን ያለ ዕድሜው ያረጃል። ከተሰፋ ወራት ይፈጃል፤ ከዳነ ግን ሙያው ይተርፍለታል።

«ይቆረጥ!» አለ ወንድምየው፣ ጉልበቱ የራሱ ይመስል።

አንጣፊው «ይሰፋ» አለ። ያለ ሙያው ምን እንደሚሆን አያውቅም ነበር።

ተሰፋለት። ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ ድንዝዝ ያለ ነው። ምግብ አይጥመው፣ ጠያቂ መጣ ቀረ ግድ አይሰጠው። «እንዴት ነህ?» ሲሉት «ደህና» ይላል፤ አለቀ። ብቻ እግሩን የምታፍታታለት ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ በሚሄድበት ቀን ጺሙን ይላጫል። ለምን እንደሚላጭ ራሱን ጠይቆ አያውቅም።

እሷ ተረበኛ ናት። እግሩን በቀስታ ስታጥፍለት ዓይን ዓይኑን ታያለች፤ እሱ ጣሪያ ጣሪያውን።

«ጣሪያው ነው እንዴ የሚያክምህ?»

አንድ ቀን ዞር ብሎ አያት፤ ዓይኑን ቶሎ አልመለሰም።

ስፌቱ ገና ስላልጠና ቁጢጥ ማለት ክልክል ነበር። ታዲያ አንድ ጠዋት፣ «እስቲ ባለሙያው፣ ይህ ሴራሚክ ስረግጠው ለምን ይንኳኳል?» አለችው የክፍሏን ወለል እየረገጠች፣ ለጨዋታ ያህል። አንጣፊ ደግሞ ሴራሚክን ቆሞ አይመረምርም። ክራንቹን ጥሎ ቁጢጥ አለና በጣቱ መታ መታ አደረገው።

«ከሥሩ ባዶ…» ብሎ ሳይጨርስ ጉልበቱ ውስጥ ቀጭ አለ።

ስፌቱ ተበጥሶ ነበር። በሁለተኛው ቀዶ ጥገና የተቀደደው ተቆርጦ ወጣ። ተንበርክኮ መዋል ቀረ፤ ወንድምየው ቆሞ የሚሠራውን መለካትና መቁረጥ ሰጠው። ሰው ሁሉ አዘነለት፤ እሱ ግን ማዘኑን ከየት እንደሚጀምር እንኳ ጠፋው። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ እሷ ከሥራ ስትወጣ እየመጣች፣ እጁን ይዛ ትቀመጥ ነበር። እሱም እጁን አልነጠቃትም።

ወደ ሕክምናው ሲመለስ በሩ ላይ ጠበቀችው። ዓይኗ ቀልቷል።

«ከዛሬ ጀምሮ የምታይህ ጓደኛዬ ናት።»

ያን ጊዜ ልቡ አመመው።

«ስላጠፋሁ ነው?»

«ያጠፋሁትስ እኔ። ባልጠይቅህ ኖሮ…»

«ሳትጠይቂኝም አየው ነበር እኮ። ድምፁ ሲከነክነኝ ነው የከረመው። ታዲያ ለምን ትተይኛለሽ?»

«ማን ተወህ?» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ታካሚዬን ማግባት አይፈቀድልኝማ!»

አንጣፊው እዚያው ኮሪደሩ ላይ፣ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ እያየው፣ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።