ታንከሩ ውስጥ ሰው አለ?

የሳሙና ፋብሪካው መካኒክ የማደባለቂያውን ታንከር ውስጡን ሲያጥብ ማማሰያው ተነሥቶ ገደለው። አስከሬኑ ሳይነሣ ጥፋተኛ ተገኘለት፤ የገዛ ታናሽ እህቱ፣ የፋብሪካው የኮምፒውተር ባለሙያ። ሥራ አስኪያጁ ለፖሊስ ሲደውል እንኳ ስለ ሟቹ ከመናገሩ በፊት «ገዳይዋ እዚህ ነች» ነበር ያለው።

ይህን የሰማችው መርማሪ አንጀቷ አርሮ መጣች። ባልደረቦቿ እሾህ ይሏታል።

ማማሰያው የሚነሣው ከኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ ዩኒክስ በሚባል ሥርዓት ይሠራል፤ ድሮ ፋይል መቅዳቱም፣ ዲስክ ማየቱም፣ ማሽን ማስነሣቱም በጽሑፍ ትእዛዝ ነበር። ትእዛዞቹን የምታውቀው እህትየዋ ብቻ ስለነበረች ለሌሎቹ በማውስ የሚጫኑት ሜኑ ሠራችላቸው። ሜኑው ያለው በፈረቃ አለቃውና በሥራ አስኪያጁ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው።

እሾህ መጀመሪያ እህትየዋን ለብቻዋ አነጋገረቻት።

«አንቺ ነሽ ያስነሣሽው?»

«ጋሼ ሊገባ ሲል ነግሮኝ ነው የገባው። እንዴት አድርጌ አስነሣዋለሁ?»

«ሌላስ ምን አለሽ?»

«‹ባለፈው ልገባ ስል አንዱ አስነሥቶት ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ሜኑሽ ዝም ብሎ አያስነሣ፣ መጀመሪያ ይጠይቅ› አለኝ። አጠገቤ ቆሞ እያየ ጥያቄ ጨመርኩበት። ‹አሁን በሰላም አጥባለሁ› ብሎ ስቆልኝ ሄደ።» ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «ለሌሎቹ እንኳ ለመንገር ጊዜ አላገኘሁም።»

እሾህ የሜኑውን ፋይል አስከፈተቻት። የተለወጠው በእርግጥም ዛሬ ጠዋት ነበር።

የፈረቃ አለቃው ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። «እኔ ሜኑውን ዛሬ አልነካሁትም። ትናንት ነው የነካሁት።»

«ስትጫነው ምን ይልሃል?»

«ምን ይለኛል? ተጫንኩት፣ ተነሣ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጅቷ ምስኪን ናት። ግን እኔም የማሳድጋቸው ልጆች አሉኝ፤ ከአለቃ ጋር ምን አጋፋኝ?»

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው» አለችውና ትታው ወጣች።

ሁሉንም በሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሰበሰበቻቸው። የመስኮቱ መጋረጃ እንደተዘጋ ነው። ሥራ አስኪያጁ ማንም ሳይጠይቀው አፉን ሞልቶ ጀመረ።

«ነገሩ ግልጽ ነው። እኔ ይሄን ሜኑ ሳምንቱን ሙሉ አልነካሁትም። ደግሞ ከሜኑው ቢሆንማ ታንከሩ ውስጥ ሰው አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። በጽሑፍ ሲታዘዝ ነው የማይጠይቀው። በጽሑፍ የሚያዝ ደግሞ ከእሷ ሌላ ማን አለ?»

እህትየዋ ቀና አለች። እሾህ ወደ ፈረቃ አለቃው ዞረች።

«ይጠይቃል እንዴ?»

«ኧረ እኔን ጠይቆኝ አያውቅም።»

«ልክ ነህ፣ እስከ ትናንት አይጠይቅም ነበር። ጥያቄው የገባው ዛሬ ጠዋት፣ ሟቹ ታንከሩ ውስጥ ሊገባ ሲል ነው። ለማንም አልተነገረም። ‹አስነሣ› የሚለውን ካልተጫኑት ደግሞ አይመጣም። ስለዚህ ጥያቄውን ያየ ሰው ዛሬ የተጫነ ሰው ነው።» ወደ ሥራ አስኪያጁ ተመለሰች። «እርስዎ ድሮም ያለ መስሎዎት ነው።»

ሰውየው ላቡን ጠረገ። «መኪናው ጭነት እየጠበቀ… ታንከሩ ሁልጊዜ እኮ ባዶ ነው። መጋረጃው ተዘግቶ ነበር፣ አላየሁም።»

የእሾህ ደም ፈላ፤ አክብሮቱም እዚያ ላይ አለቀ።

«ጠየቀህ እኮ። ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀህ። ተነሥተህ መጋረጃ መግለጥ ከብዶህ ‹የለም› የሚለውን ተጫንክ። ከዚያ ዓይንህን በጨው አጥበህ ወንድምሽን የገደልሽው አንቺ ነሽ አልካት።»

መጋረጃውን ሳበችው። ታንከሩ ከመስኮቱ ሥር ነው። አፉ አጠገብ የመካኒኩ ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ ካልሲዎቹ ውስጡ ተወትፈዋል።

እህትየዋ ወጣች። ጫማውን አንሥታ ደረቷ ላይ ስታቅፈው ሁሉም በመስኮቱ አዩ። ሥራ አስኪያጁ መጋረጃውን ሊመልስ እጁን ሰደደ።

እሾህ እጁን ያዘችው።

«ተወው» አለችው። «አሁን እይ።»