ከአውቶቡሱ የቀደመው ጋዜጣ

አያ ገበየሁ የሞቱት አፋቸውን ከፍተው ነው። በሕይወት ሳሉም አፋቸው ገጥሞ ስለማያውቅ ሰፈሩ በዚህ አልተገረመም። ያስፈራው ዝምታቸው ነው። ጋቢያቸውን ደርበው ወንበራቸው ላይ ተደግፈዋል፤ እግራቸው ሥር ፍሙ አመድ የሆነ የከሰል ምድጃ፣ ከጎናቸው ባዶ የአረቄ ጠርሙስ። የመስኮቱ ስንጥቅ ሁሉ በጋዜጣ ተወትፏል።

እንጅባራ፣ ዩኒቨርሲቲው ገና በሚገነባበት ዘመን፣ ሰኞ ማለዳ። ጭጋጉ ከዘንገና ሐይቅ በኩል ተስቦ መጥቶ፣ ተራ እንደሚጠብቅ ጉድጓድ ቆፋሪ፣ ግቢው በር ላይ ቆሟል። የሰፈሩ ውሾች እንኳ አልጮኹም።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ሳጅን ወገኔ። «ከሰል አፍኗቸው ነው። ምድጃው የሠራተኛዋ የወርቅአየሁ ነው፤ ማቀጣጠሏንም አምናለች። ጣቢያ አስገብተናታል።»

ኢንስፔክተር ካሳነሽ ዳንግላ ተወልዳ፣ ጋዜጣ እያዞረች የተማረች ሴት ናት፤ ከዚያ ሥራ ፈጣን እግርና ማለቂያ የሌለው ቅጥፈት ተርፏታል። ወደ ውጭ ወጥታ መስኮቱን አየች።

«ወገኔ፣ የውታፉ ጅራት በየት በኩል ነው?»

«በውጭ።»

«ታዲያ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው መስኮቱን ከውጭ ይወትፋል?»

«ለመቀበል እጃቸው ረጅም ነበር ይባላል» አለ ወገኔ፤ ወዲያው ሬሳው ትዝ ብሎት አማተበ።

ካሳነሽ አንዱን ውታፍ ስባ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ዳበሰችው። የፊት ገጹ ላይ የተሰበረ ድልድይ ፎቶ አለ። ራስጌውን አየችና ፊቷ ጠቆረ፤ አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

«ጋዜጣ አዟሪውን ይሄነውን ፈልግልኝ። ከዛሬው አውቶቡስ የሚረከበውን የጋዜጣ እስር ሳይፈታ ወደዚህ ይምጣ።»

ጣቢያ ውስጥ ወርቅአየሁ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ጥግ ይዛ ተቀምጣ ነበር።

«ምድጃውን ሲመሽ በረንዳ አውጥቼ ነው ወደ ማድቤት የገባሁት» አለች። «ከነፍሙ ማን መልሶ እንዳስገባው አላውቅም።»

«ቤት ውስጥ ጋዜጣ ነበር?»

«የት ተገኝቶ፣ እትዬ! አያ ገበየሁ ይከራያሉ እንጂ መች ገዝተው ያውቃሉ? አንብበው፣ ተሳድበው፣ ለይሄነው ይመልሳሉ።» ድምጿ ተሰበረ። «ዛሬ ከሰዓት ይቀበራሉ። ገዳያቸው ተብዬ፣ አፈር ሳላለብሳቸው ልቅር?»

ካሳነሽ ቃል አልገባችላትም። ግን እርምጃዋን አፈጠነች።

ከአያ ገበየሁ ቤት ፊት ለፊት ባለሱቁ ሸዕባን ስኳር በአሮጌ ጋዜጣ ይጠቀልላል።

«ወረቀትማ በሽ ነው፣ ወላሂ» አለ እየሳቀ። «ግን የእኔ ስኳር ያለፈውን ዓመት ዜና ነው የሚያውቀው።»

«ትናንት ማታስ የት ነበርክ?»

«ኳስ ነበራ! ሰፈሩ በሙሉ የእኔ ቴሌቪዥን ላይ ተሰቅሎ አመሸ። ለመንገዱ ጀርባ ሰጥተው ቆመው ስለሚያዩ ከውጭ የሚያልፈውን ያየ የለም።» ከዚያ ሳቁን ዋጠ። «አንድ ነገር ልንገርሽ። ገበየሁ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ወርቅአየሁን ሊያገባት ነበር። ለእህቱ ልጅ፣ ለብቸኛ ወራሹ ለአየነው፣ እዚሁ እፊቴ ነገረው። አየነው ሳቀ፤ የሳቀው ግን ጥርሱ ብቻ ነው።»

ከሰል ነጋዴው አየነው ድንኳኑ ውስጥ ከአልቃሾቹ ሁሉ በላይ ይጮሃል።

«ጫግኒ ነው የሰነበትሁ» አላት። «ጠዋት ተደውሎልኝ በረርሁ። እሷን ልጅ እንዳትለቋት!»

ካሳነሽ አጠገቡ ቁጭ አለች። «ዳንግላ ጋዜጣ ሳዞር አንድ ውሻ ነበር። መልካም ዜና ይዤ ስመጣ ጭራውን ይቆላል፤ የሞት ዜና ሲሆን አልጋ ሥር ይገባል። ኋላማ ሰዉ መግዛቱን ትቶ ውሻውን እያየ ይሄድ ጀመር፤ ከሰርሁ። አንተስ ጋዜጣ ታነባለህ?»

አየነው እንባውን ሳይጠርግ ፈገግ አለ። «እዚህ የሚመጣው ጋዜጣ ሁሉ አሮጌ አይደል እንዴ? ምን ያደርግልኛል?»

«እውነትህን ነው» አለች፤ ተነሣች።

ከሰዓት በኋላ ሬሳው ሳይወጣ ካሳነሽ ሰዎቹን ገና ያልተከደነው ሳጥን ያረፈበት ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ወርቅአየሁ በሁለት ፖሊሶች መሐል ቆመች። ጭጋጉ እስካሁን አልተነሣም፤ ከውጭ የአልቃሾቹ ድምፅ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ይሰማል። ይሄነው እየሮጠ፣ እስሩን ታቅፎ ገባ።

«ምንድን ነው ያመጣኸው?»

«የዛሬን ጋዜጣ ነዋ።»

«ዛሬ ሰኞ ነው። የምን ቀን ይላል?»

ይሄነው ራሱን አከከ። «የእሁድ። ግን ኢንስፔክተር፣ እኛ አገር ቀኑ የመጣበት ነው። የእሁዱ ሰኞ ነው የሚገባልን።»

«ፍታው።»

ገመዱ ተበጠሰ። የላይኛው ጋዜጣ ላይ የተሰበረ ድልድይ ነበር። ካሳነሽ ከኪሷ የተጨማደደውን አውጥታ ጎኑ አስቀመጠችው። ያው ድልድይ።

«ሰይጣን ነው ያመጣው!» አለ ሸዕባን።

«ሰይጣንም ቢሆን ከአዲስ አበባ በመንገድ ነው የሚመጣ» አለች። «ጋዜጣ ማዞር ያስተማረኝ ይኸን ነው፤ አንባቢ ርዕሱን ያያል፣ አዟሪ ግን ራስጌው ላይ ያለውን ቀን ነው የሚያይ። የትናንቱን ለዛሬ ሸጬ በጥፊ ተመትቻለሁ። ይህ ወረቀት ትናንት ማታ መስኮቱ ላይ ነበር፤ እንጅባራ የገባው ግን አሁን ነው። አያ ገበየሁ የላቸውም፤ ሸዕባን የአምና ነው ያለው፣ ደግሞም ሰፈሩ ሁሉ ሲያየው አምሽቷል። ወርቅአየሁ ከግቢ አልወጣችም። ይሄነው፣ የጫግኒው ጋዜጣ በየት ያልፋል?»

«በእኔ እጅ። ከእኛ ቀድሞ ጫግኒ አይደርስም።»

«እንግዲያ የወተፈው ሰው ትናንት ከአዲስ አበባ የመጣ ነው። አረቄ አጠጥቶ አስተኛቸው፣ ምድጃውን ከበረንዳ መልሶ አስገባ፣ በሩን ገጠመ፣ መስኮቱን ከውጭ ደፈነ።»

«በእሷ ላይ ያላችሁን ትታችሁ!» ብሎ ጮኸ አየነው። «ከአይሱዙ ጋቢና የተጣለ ወረቀት ማንም ያነሣል!»

ካሳነሽ ቀስ ብላ ዞረች። «ስለ አይሱዙ ማን አነሣ?»

አየነው አፉን ከፈተ። ልክ እንደ አጎቱ ተከፍቶ ቀረ።

«እዚህ ያደግህ ሰው ነህና ጋዜጣ ሁሉ አሮጌ መሰለህ» አለችው። «ከሰልህን በአይሱዙ ወስደህ አዲስ አበባ አራግፈህ ስትመለስ ከጎንህ የነበረው ግን ትኩስ ነበር።»

ወገኔ ካቴናውን አወጣ። ወርቅአየሁን የያዟት ፖሊሶች እጃቸውን ለቀቁ፤ ወዴት እንደምትሄድ ግራ ገብቷት ትንሽ ቆመች። ከዚያ ወደ ሬሳ ሳጥኑ ሄደች።

«ይሄነው» አለች ሳትዞር፤ «የእሳቸውን ድርሻ ስጠኝ። ዋጋውን እከፍልሃለሁ።»

«ኪራዩን ነው?»

«ግዢውን። ይኸኛውን አይመልሱልህም።»

ጋዜጣውን አጥፋ ከጋቢያቸው ሥር አኖረችላቸው፤ ሳጥኑ ሲነሣም ከፊት ሆና ወደ ጭጋጉ ገባች።