እንቅልፉ ቀላል ነው

«ቁርጥ እሱን ነው» አለ እዝራ፣ በጥቁር ላስቲክ የተተከለውን አበባ አንስቶ እያዞረ። «ከላስቲኩ እናወጣውና የእናንተ ቆርቆሮ ውስጥ እንከተዋለን። ኮፒ ፔስት። አለቀ።»

ሔዋን ጎንበስ ብላ አየችው። እንደ ሰንሰለት ተቀጣጥለው በሚወርዱት አረንጓዴ ቅጠሎች ጫፍ ላይ ሮዝ አበቦች ተንጠልጥለዋል። እውነትም ይመስላል። ቤት ያለውም እንዲህ ነበር፤ ድሮ።

«እትዬ ቢያውቁስ?»

«በምን ያውቃሉ? አበባ መታወቂያ የለው። እሑድ ይመጣሉ፣ ያዩታል፣ ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። አታካብጂ፣ ሔዊ።»

እትዬ ፈለቀች የድሮ ሰፈሯ ጎረቤት ናቸው። ከቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ ስድስት ቤተሰብ አንድ ግቢ ውስጥ ይኖር ነበር፤ አንድ የውኃ ቧንቧ፣ አንድ የልብስ ማስጫ ሽቦ፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ አንድ ረጅም ግድግዳ። ግቢው ሲፈርስ ሁሉም ተበተነ። የሔዋን ቤተሰብ ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ገባ። እትዬ ፈለቀች ጎሮ፣ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። እዚያ ቦታ ስላልነበረ፣ በወተት ዱቄት ቆርቆሮ የተተከለውን አበባቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መጥተው ለሔዋን ሰጧት። «ለገና ያብባል። አደራ» አሉ። ሌላም ነገር ሊሉ ሲጀምሩ ዕቃቸውን የጫነው መኪና ጥሩምባ ነፍቶ አጣደፋቸው።

ለገና አላበበም። በበዓሉ ጠዋት ደወሉና ከእንኳን አደረሰሽ ቀድመው «አበበልሽ?» አሏት። ድምፃቸው በጣም ቀጥኖ ነበር። ሔዋን «አዎ» አለች። «እስቲ ፎቶ ላኪልኝ» ሲሏት፣ ስልኳ ውስጥ ግቢው ሳይፈርስ ያነሳችውን ፎቶ ፈልጋ ላከች። በሚቀጥለው ገና ደግሞ ሌላ የድሮ ፎቶ። አሁን ሦስተኛው ገና አሥር ቀን ቀርቶታል፤ እትዬ ፈለቀችም «ዘንድሮስ በዓይኔ ልየው» ብለዋል።

«የድሮውን ምን ነካው?» አሉ የችግኝ መሸጫው ባለቤት፣ ጋሽ አብዱልሐሚድ። ሽበታም ናቸው፤ የውኃ ማጠጫቸውን ይዘው ሲሰሟቸው ቆይተዋል።

«አላብብ አለ።»

«የት ነው የምታስቀምጪው?»

«ሳሎን። መብራቱ ሥር። ብርሃን እንዲያገኝ ብዬ።»

«መብራቱ ስንት ሰዓት ይጠፋል?»

ሔዋን አሰበች። ታላቅ ወንድሟ ለፈተና ያጠናል። አባቷ ኳስ ያያል። «ስድስት ሰዓት ገደማ። አንዳንዴ ሰባት።»

ጋሽ አብዱልሐሚድ ሳቁ። «አላስተኛሽውማ፣ ልጄ። ይሄ ተክል ረጅም ጨለማ ካላገኘ እምቡጥ አይዝም። ቀን ብርሃን፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ጠዋት ድቅድቅ ጨለማ። ሁለት ወር እንደዚያ ብታደርጊው ያብባል።»

አላስተኛሽውም።

እትዬ ፈለቀች ጡረታ የወጡ ታይፒስት ናቸው፤ ሰዓት አያዛንፉም። በድሮው ግቢ፣ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ ልጆቹ አረንጓዴው ግድግዳ ሥር ብይ ሲጫወቱ፣ ብቅ ብለው ቆርቆሮውን ከመስኮቱ ላይ ያነሱና ቁም ሳጥን ውስጥ ያስገቡታል። «እትዬ፣ ፒጃማውን አለበሱት?» ይላል አንዱ። «ቀስ በሉ፤ እንቅልፉ ቀላል ነው» ይላሉ፣ ፈገግ እንኳ ሳይሉ። ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። ጠዋት ደግሞ፣ ሔዋን ቦርሳዋን አዝላ ወደ ትምህርት ቤት ስትወጣ፣ አበባው ተመልሶ መስኮቱ ላይ ነው። ሌባ ፈርተው ይመስላት ነበር። ወይም ቀልድ።

ቀና አለች። «ጋሼ፣ ባዶ ካርቶን ይኖርዎታል?»

«ካርቶን?» አለ እዝራ። «እሑድ ካርቶን ልታሳዪያቸው ነው?»

ሔዋን ጋሽ አብዱልሐሚድ ያቀበሏትን ካርቶን ብብቷ ሥር ያዘች። እዝራ ትከሻውን ሰብቆ አበባውን ራሱ ገዛው። «እኛ ቤት ይቆያል» አለ። የሚኖረው እዚያው ብሎክ፣ ሁለተኛ ፎቅ ነው። «ሐሳብሽን ከቀየርሽ ቴክስት አድርጊልኝ። ሁለት ፎቅ ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።»

እሑድ ከሰዓት ስልኳ ጠቅ አለ። እዝራ ነው። «ደርሰዋል። እኛ በር ጋ ቆመው ትንፋሽ እየወሰዱ ነው። ቆርቆሮውን ይዘሽ በረንዳ ላይ ጠብቂኝ። ላምጣው?»

ሔዋን ቆርቆሮውን አየችው። ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፤ ጤነኛ ነው፤ ጫፉ ላይ ምንም የለም። የእትዬ ፈለቀች ምርኩዝ ደረጃውን ቀስ እያለ ሲመታ ይሰማታል። «አዎ» ብላ ጻፈች። አጠፋችው። «አታምጣ» ብላ ላከች።

እትዬ ፈለቀች ገብተው፣ ጉንጯን ደጋግመው ስመው፣ ሶፋው ላይ ተቀመጡ። «እግዜር ይይላችሁ፤ ይሄ ደረጃ ነው ተራራ?» አሉ። ከዚያ ዓይናቸው ሳሎኑን ዞረና ቆርቆሮው ላይ አረፈ።

«እትዬ» አለች ሔዋን፤ ከመቀመጥ ቆማ መናገሩ ቀለላት። «አላበበም። እዚህ ከመጣን አንድም ጊዜ አላበበም። የላክሁልዎት ፎቶዎች የድሮ ናቸው።»

እናቷ ከማዕድ ቤት ብቅ ብላ «አንቺ!» ልትል ጀምራ ተወችው።

እትዬ ፈለቀች መነጽራቸውን አወጡ። ስልካቸውንም አወጡ። በጣታቸው ፈልገው አንዱን ፎቶ ከፈቱና አሳደጉት። አበባው ከማያው ወጣ፤ የቀረው ከጀርባው ያለው አረንጓዴ ግድግዳ ብቻ ነው።

«ይሄ ሚስማር ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ጃንጥላዎትን የሚሰቅሉበት።»

«እሱ ነው። ይሄ ስንጥቅ ደግሞ ክረምት ላይ ውኃ የሚያስገባው።» ስልኩን ዝቅ አደረጉት። «ያኔውኑ አውቄያለሁ፣ ልጄ። አበባውንማ መች አየሁት።»

«ታዲያ ለምን አልተቆጡኝም?»

«ብቆጣሽ ሁለተኛውን አትልኪልኝማ። ከቤቴ የቀረኝ ፎቶ ይሄው ነው።»

ስልኩንና መነጽሩን መልሰው ከተቱ። ከዚያ እትዬ ፈለቀች ጠረጴዛው ሥር ያለውን ካርቶን በምርኩዛቸው ነካ አደረጉት። «ይሄስ?»

«የቁም ሳጥኑ ነገር ትዝ አለኝ። ግን ካርቶን ነው።»

«ካርቶን ምን አለው? ቀዳዳውን ድፈኚ እንጂ፤ ብርሃን ሾልኮ ይገባል።» በጣታቸው የካርቶኑን የእጀታ ቀዳዳ አሳዩአት። «አንድ ቀን ከዘለልሽ ያኮርፍና አያብብም። ሁለት ወር ሙሉ ነው፤ ትችያለሽ?»

«ለገና ግን አይደርስም።»

«ለፋሲካ ይደርስ ይሆናል።» ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «የገና አበባ ለፋሲካ። ሲዘገይ እኔን ይመስላል።»

ሳይመሽ እስከ ታክሲ ሸኘቻቸው። ስትመለስ እዝራ ኳስ በብብቱ ይዞ ከብሎኩ ፊት ቆሟል። «ያንን አበባ እናቴ ወርሳዋለች፤ አትመልስልኝም» አለ። «ነይ፣ አንድ ሰው ጎድሎናል።»

ሔዋን ሰዓቷን አየች። አሥራ ሁለት ሊሆን ሦስት ደቂቃ ይቀረዋል።

«መጣሁ» ብላ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች። በእጀታው ቀዳዳ ላይ ፕላስተር ለጠፈች፤ ካርቶኑን ቆርቆሮው ላይ ቀስ አድርጋ ደፋችው። ከዚያ ራቅ ብላ ፎቶ አነሳች። ከካርቶኑ ጀርባ ነጭ ግድግዳ ይታያል፤ ሚስማር የለውም፣ ስንጥቅም የለውም። ግድግዳውን ቆርጣ ልታወጣው ጣቷን አስጠጋች፤ ተወችው።

«ተኝቷል» ብላ ጻፈችበትና እንዳለ ለእትዬ ላከችው።