ክላክስ የሌላት ፒክአፕ

ዲላ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት መኪና ስፈታና ስገጥም የኖርኩ መካኒክ ነኝ፣ መኪናዬን መንፈስ ያዘብኝ የሚል ሰው ሲመጣ «ወንድሜ፣ መጀመሪያ ካንዴላህን አጽዳ» ብዬ የምመልስ ነኝ፣ ይህን የምነግራችሁን ነገር ሌላ ሰው ቢያወራልኝ ኖሮ ስቄበት ወደ ሥራዬ እመለስ ነበር። በራሴ ደረሰ፣ ተናደድኩ፣ ንዴቱ እስካሁን አልበረደልኝም።

አስቴር የምትባል ቡሌ ከተማ የምታስተምር መምህርት አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ገዝታ አመጣችልኝ። ወደ ቡሌ ስትወጣ፣ ሁልጊዜ እንሰት የበዛበት አንድ ኩርባ ላይ፣ ሞተሯ ሦስት ጊዜ ቆረጥ ቆረጥ ያደርግና ይጠፋል። ካንዴላ ቀየርኩ፣ ካርቡሬተሩን አጠብኩ፣ ግቢዬ ውስጥ ስሞክራት እንደ አዲስ ትሠራለች፣ ኩርባው ላይ ስትደርስ ያው ናት። ለሦስተኛ ጊዜ መልሳ ስታመጣት መምህርቷ ደንበኞቼ ፊት ቆማ፣ «ጋሽ ማቴዎስ፣ ደህናውን ዕቃ እያወጡ አሮጌ እየከተቱብኝ ነው» አለችኝ። እኔን፣ የሰው ብሎን እንኳ የማልነካውን። ስሙ በሌብነት የተነሳ መካኒክ ዲላ ላይ ማን መኪናውን ይሰጠዋል፣ እስቲ ንገሩኝ። በማግስቱ አጠገቤ አስቀምጫት ራሴው እየነዳሁ ወጣሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው፣ ጉሙ ወርዷል፣ ኩርባው ላይ ስንደርስ ሦስት ጊዜ ቆርጣ ጠፋች። ቁልፏን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ፣ ኮፈኗን ከፈትኩ፣ አራቱንም የካንዴላ ገመዶች ነቅዬ በግራ እጄ ያዝኳቸው፣ መምህርቷ መንገድ ዳር ቆማለች። እንዲህ የሆነ ሞተር ሬሳ ነው፣ እሳት ከየት ያገኛል። መጀመሪያ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ቀጥሎ የሞተሩ ማራገቢያ፣ ቬንትሌተሩ፣ ቀስ ብሎ ዞረ፣ ከዚያ፣ እመኑኝ፣ ሞተሩ ነዳጅ እንደተረገጠለት ሦስት ጊዜ ጮኸና ዝም አለ። ገመዶቹ እጄ ላይ ናቸው።

«ሰማሁ፣ ሰማሁ» አለ ከእንሰቱ ውስጥ የሴት ድምፅ። አንዲት አሮጊት እጃቸውን እየጠረጉ ወጡና እኛን ትተው የሾፌሩን ወንበር አዩ።

«እማማ፣ ማንን ነው የሰሙት?» አልኳቸው።

«ባለቤቴን ነዋ፣ ዋቆን። ክላክስ የለውም፣ ቤት ሲመጣ በሞተር ነው ሦስቴ ሰላም የሚለኝ። ክላክሱን ዲላ ያለ መካኒክ ወሰደበት፣ አልመለሰም።»

«አሁን የት ናቸው?» አለቻቸው መምህርቷ።

«ሞተ እኮ፣ ልጄ። ሁለት ዓመቱ ነው።»

ቀለሟ ተቀይሮ ነው እንጂ መኪናዋን ማወቅ ነበረብኝ። ክላክሷን የፈታሁት እኔ ነኝ። ለቸኮለ ደንበኛ ከቆመች መኪና ላይ ዕቃ መዋስ ሁሉም ጋራዥ የሚያደርገው ነው፣ ሌብነት አይባልም። ጋሽ ዋቆ ሦስት ጊዜ መጥተው ጠየቁኝ፣ ሦስቱንም ጊዜ «ነገ» አልኳቸው። መምህርቷ ፊቴን አየችና ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ አሮጊቷ ዞረች፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ቀን አዲስ ክላክስ ገጠምኩላት። ከዚያ ወዲህ ኩርባው ላይ ጠፍታ አታውቅም፣ ሰዉም «ጋሽ ማቴዎስ ብልሽቱን አገኘው» ይላል፣ ስሜ ተመለሰ። ነገር ግን ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በጋራዤ በር ስታልፍ ሦስት ጊዜ ክላክስ ታደርጋለች። በመጨረሻ መምህርቷን አስቆምኳትና «ሰላምታው ይብቃን፣ ሰው ይታዘበናል» አልኳት።

«ጋሽ ማቴዎስ፣ እኔ አንድም ቀን አልነካሁትም» አለችኝ፣ እጆቿ መሪው ላይ እንዳሉ።

አሁን አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው፣ በሩን ዘግቼ ተቀምጫለሁ። ክላክሱን እንደሆነ መልሻለሁ፣ ታዲያ ጋሽ ዋቆ ሌላ ምን ይፈልጋሉ?